ስለ ሳይነስ ሕመምና ቀዶ ጥገናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከሜክሲኮ አካባቢ ወደ አንገት በላይ ክሊኒክ የሚመጡ ታካሚዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ሳይነስ የበሽታ ስም ነው?

አይደለም። «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው ሁሉ ልክ ነው፤ ሁላችንም አለን። ሳይነስ ማለት በፊታችን አጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሞላው ባዶ ቦታ ነው። አራት ጥንድ ናቸው፤ አንዱ በጉንጭ፣ አንዱ በግንባር፣ አንዱ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አራተኛው ደግሞ ከአፍንጫ በስተጀርባ የራስ ቅል ወለል ሥር። የውስጥ ሽፋናቸው ንፍጥ ያመነጫል፤ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ጭራዎች ደግሞ ንፍጡን እየገፉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያወጡታል። ሽፋኑ አብጦ ቀዳዳው ሲደፈን ነው ሕመሙ የሚጀምረው። ትክክለኛ ስሙ የሳይነስ ብግነት ነው። በክሊኒክ ግን እኛም «ሳይነስ» ማለታችንን አልተውንም።

ጉንፋን ይሁን ሳይነስ በምን ልወቅ?

ቀን ይቁጠሩ። ተራ ጉንፋን ቢበዛ በ10 ቀን ይለቃል። 10 ቀን አልፎት ካልተሻለዎ፣ ወይም «ተሻለኝ» ካሉ በኋላ በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን እንደገና ከከፋብዎ ነገሩ ከጉንፋን አልፏል። የንፍጡ ቀለም አያስደንግጥዎ፤ ቢጫና አረንጓዴ ንፍጥ በተራ ጉንፋንም ይመጣል። የአውሮፓ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት መመሪያ እንደሚለው፣ ከጉንፋን ተነስቶ ወደ ባክቴሪያ ኢንፌክሽን የሚሻገረው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው።

ሥር ሰደደ የሚባለው 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። በዚህ ጊዜ ከአራት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው፤ እነሱም መታፈን፣ ንፍጥ (በፊት የሚወጣ ወይም ወደ ጉሮሮ የሚወርድ)፣ የፊት ሕመም ወይም ክብደት፣ የማሽተት መቀነስ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ የግድ መታፈን ወይም ንፍጥ ነው። በዚህ ላይ ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ (በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን መመልከቻ) ወይም በሲቲ ስካን የሚያየው ነገር ያስፈልጋል። ማሽተትን በተመለከተ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቡና ሲቆላ ይሸትዎታል? ብዙ ሰው ማሽተት ማቆሙን የሚያውቀው ቤተሰቡ «ወጡ አረረ!» ብሎ ሲጮህ ነው።

አሞክሳሲሊን ገዝቼ ብጀምርስ?

አይጀምሩ። «ለሳይነስ የሚሆን ስጠኝ» ሲባል ያለ ማዘዣ አንድ ስትሪፕ የሚቆርጥ መድኃኒት ቤት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የተሠራ ጥናት ግን ይህንኑ ነገር ፈትኖታል። 166 አዋቂዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለ10 ቀን አሞክሳሲሊን፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ልዩነት አልነበረም። በሰባተኛው ቀን መድኃኒቱን የወሰዱት ትንሽ ቀደም አሉ፤ በ10ኛው ቀን ግን ሁሉም እኩል ነበሩ።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ በአንድ ወገን የበረታ የፊት ሕመም፣ ተሽሎ እንደገና መክፋት ሲኖር ሐኪሙ ይወስናል። ዓይንዎ ዙሪያውን ካበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎ፣ ግንባርዎ ካበጠ ወይም ከኃይለኛ ራስ ምታት ጋር አንገትዎ ከደረቀ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ራሴን ዘወትር ያመኛል። ሳይነስ ነው አይደል?

ብዙ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት» አለብን ያሉ፣ ወይም ሐኪም እንዲሁ ያላቸው 2,991 ሰዎች ሲመረመሩ 88 በመቶው የማይግሬን ዓይነት ሕመም ነበራቸው። ማይግሬን አፍንጫን ሊያፍን፣ ዓይንን ሊያስለቅስ፣ ጉንጭን ሊያስከብድ ስለሚችል ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ብርሃንና ጩኸት የሚረብሽዎ፣ ማቅለሽለሽ ያለብዎ፣ ንፍጥ ግን የሌለዎ ከሆነ ከአፍንጫዎ በፊት ራስ ምታትዎን ያስመርምሩ።

የባሕር ዛፍ እንፋሎትና ዳማከሴ ይጠቅማል?

እንፋሎቱ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ይላል፤ በሽታውን ግን አያሳጥርም። በፈላ ውሃ ላይ ነጠላ ተከናንበው ሲታጠኑ ድስቱ ተገልብጦ የተቃጠሉ፣ በተለይም ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ። ዳማከሴ ለምች የቆየ መድኃኒታችን ነው፤ አልከለክልም። ጨምቆ አፍንጫ ውስጥ መጨመሩን ግን ይተዉት፤ የተቆጣ ሽፋን ላይ ሌላ ቁጣ መጨመር ነው።

በጥናትም በልምድም የተደገፈው የቤት ውስጥ ሕክምና በጨው ውሃ ማጠብ ነው። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው (9 ግራም ገደማ) ይጨምሩ። ወይም ከመድኃኒት ቤት ኖርማል ሳላይን ይግዙ። ለብ ያለውን ውሃ በትልቅ ስሪንጅ (መርፌው ወልቆ!) በአንዱ አፍንጫ ያስገቡት፤ በሌላው ይወጣል። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ። አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ የሚኖር አሜባ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ዘልቆ ሰው ገድሏል።

የአፍንጫ ጠብታዬን ሳላደርግ መተኛት አቃተኝ። ምን ሆኜ ነው?

ለምዶብዎ ነው። እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉት የመክፈቻ ጠብታዎች የአፍንጫን ደም ሥር ያጠባሉ፤ ከአምስትና ሰባት ቀን በላይ ሲቆዩ ግን ደም ሥሩ ጠብታው በለቀቀ ቁጥር ይበልጥ ያብጣል። አራት ዓመት ሙሉ በቦርሳዋ ይዛው የምትዞር ሴት አይቻለሁ። ማቆም ይቻላል፤ አንዱን አፍንጫ ቀድሞ ማቋረጥና በሐኪም ትእዛዝ የስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ) ስፕሬይ መጀመር ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ግን ከባድ ናቸው።

የስቴሮይድ ስፕሬይ (ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን፣ ቤክሎሜታዞን) ሌላ ነገር ነው። ቶሎ አይከፍትም፤ ሳምንታት ይፈጃል። «ሞከርኩት አልሠራም» ከሚሉኝ አብዛኞቹ ለአምስት ቀን የተጠቀሙ ወይም ወደ መካከለኛው ግድግዳ የረጩ ናቸው። በቀኝ እጅዎ ግራውን፣ በግራ እጅዎ ቀኙን አፍንጫ ይርጩ፤ ጫፉን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያዙሩት፤ በኃይል አይሳቡት።

ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። ኤክስሬይ አይበቃም?

ለሳይነስ ኤክስሬይ ብዙም አይረዳም። ሲቲ የሚያስፈልገውም በቂ ሕክምና ተሞክሮ ካልሠራና ቀዶ ጥገና ከታሰበ ነው፤ ለቀዶ ሐኪሙ ካርታው እሱ ነው። ውጤቱ ሉንድ-ማካይ በሚባል ነጥብ ከ0 እስከ 24 ይለካል። ወረቀቱ ላይ «የሽፋን ውፍረት ታይቷል» የሚል ስላገኙ ብቻ አይደንግጡ። ምንም የሳይነስ ሕመም የሌላቸው ሰዎች እንኳ ሲለኩ በአማካይ 4 ነጥብ አካባቢ አግኝተዋል። ፎቶ አይታከምም፤ የሚታከመው ሰው ነው።

አንዱ ወገን ብቻ ነው የሚታፈነውና የሚሸተው። ችግር አለው?

ይህን አያሳድሩት። በልጅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አፍንጫው ውስጥ የገባ ነገር ነው፤ ሽምብራ፣ ዶቃ፣ የስፖንጅ ቁራጭ። የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል። በአዋቂ ከሆነ የላይኛውን መንጋጋ ጥርስዎን ያስዩ፤ የበሰበሰ ጥርስ ሥሩ ከጉንጭ ሳይነስ ጋር ጎረቤት ስለሆነ መግሉን ወደ ላይ ይልካል፤ እንዲህ ያለውን አፍንጫ ብቻ ቢያክሙት አይድንም። በአንድ ወገን ብቻ ያደገ ሥጋም ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ዕጢ ሊሆን ይችላል። አንድ አፍንጫ ብቻ ጎንበስ ሲሉ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ካንጠባጠበ ደግሞ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ቀዶ ጥገናው ፊቴን ይሰነጥቃል?

የዛሬው አይሰነጥቅም። ጥያቄው ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አባትና አያት የነገሩት የድሮውን ነው። አሜሪካዊው ካልድዌል እ.ኤ.አ. በ1893፣ ፈረንሳዊው ሉክ ደግሞ በ1897 ለየብቻ ባቀረቡት ዘዴ ሐኪሙ ከላይኛው ከንፈር ሥር ድዱን ሰንጥቆ፣ የጉንጭ አጥንቱን በስቶ፣ ሽፋኑን ፍቆ ያወጣና ወደ አፍንጫ አዲስ መስኮት ይከፍት ነበር። ታካሚው ፊቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ ይከርም ነበር፤ ንፍጡ ተመልሶ ሲጠራቀም ደግሞ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም።

ምክንያቱን ያሳየው በኦስትሪያ ግራዝ የሠራው ዋልተር ሜሰርክሊንገር ነው። ንፍጥ በሳይነስ ውስጥ በየት በኩል እንደሚጓዝ ዓመታት ሲከታተል ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ፀጉር መሰል ጭራዎቹ ሁልጊዜ የሚገፉት ወደ ተፈጥሯዊው ቀዳዳ ነው። አጠገቡ ሰፊ መስኮት ቢከፈትም ንፍጡ መስኮቱን ዞሮ አልፎ ወደ ጥንት በሩ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ በር ከመብሳት የተደፈነውን በር መክፈት ይሻላል። ሽፋኑንም መፋቅ ሠራተኛውን ማባረር ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሆፕኪንስ የሠራው የመስታወት ዘንግ ኢንዶስኮፕ ሲጨመርበት ሥራው ሁሉ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ሆነ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በግራዙ ሐኪም በስታምበርገርና በአሜሪካ ይሠራ በነበረው ኬኔዲ አማካይነት ዓለም ላይ ተሰራጨ። በሙሉ ማደንዘዣ ይሠራል፤ ከውጭ የሚታይ ጠባሳ የለውም።

በእርግጥ ይጠቅማል? ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

የሚጠቅመው ትክክለኛውን ሰው ሲያገኝ ነው። ጥናቶቹን ለመረዳት መለኪያውን ማወቅ ይበቃል። ስኖት-22 የሚባል መጠይቅ 22 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 110 ይደርሳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሕመሙ ይብሳል። አንድ ሰው «ለውጥ አለ» ብሎ የሚሰማው ቢያንስ 9 ነጥብ ያህል ሲወርድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የሆላንድ ጥናት ፖሊፕ (ከብግነቱ የተነሳ አፍንጫና ሳይነስ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ ሥጋ) ያለባቸውን 238 አዋቂዎች በዕጣ ከፈለ። አንዱ ወገን ቀዶ ጥገናና መድኃኒት፣ ሌላው መድኃኒት ብቻ አገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተቀደዱት በ4.9 ነጥብ ይሻሉ ነበር፤ ማለትም ልዩነት አለ፣ ግን ሰው ከሚሰማው ልክ በታች ነው። በሁለቱም ወገን ያሉት ግን ከነበሩበት በጣም ተሽሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው የብሪታኒያ ጥናት ደግሞ 514 ሰዎችን በሦስት ከፈለ፤ ቀዶ ጥገና፣ ለሦስት ወር የሚወሰድ ክላሪትሮማይሲን፣ ባዶ ክኒን። ስፕሬይና የጨው ውሃ ለሁሉም ተሰጠ። በስድስተኛው ወር የተቀደዱት ከሌሎቹ ወደ 20 ነጥብ ገደማ ይሻሉ ነበር። ክላሪትሮማይሲኑ ከባዶው ክኒን አልበለጠም።

ታዲያ ማን ይታመን? ሁለቱም። የሆላንዱ ያነጻጸረው ከሙሉ የመድኃኒት ሕክምና ጋር ነው፣ በዓመት፤ የብሪታኒያው ፖሊፕ የሌላቸውንም ይጨምራል፣ የለካውም በስድስት ወር ነው። በሁለቱም ላይ አንድ ድክመት አለ፤ የተቀደደ ሰው መቀደዱን ያውቃል፣ መጠይቁን የሚሞላውም ራሱ ነው። ከዚህ ተነስቼ ለታካሚ የምለው፦ ስፕሬዩንና እጥበቱን በደንብ፣ ለሁለት ሦስት ወር ካልሞከሩ ኦፕራሲዮን አይጠይቁ። በደንብ ሞክረው ካልተሻለዎ ደግሞ ክኒን ሲቀያይሩ ዓመት አይፍጁ።

«አንዴ ከተነካ ይመላለሳል» ይባላል። እውነት ነው?

ለፖሊፕ ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ የሚመልሰው ግን መቀደዱ አይደለም፤ ሥጋውን ያበቀለው ብግነት ስለሚቀጥል ነው። የቤልጂየም ሐኪሞች ታካሚዎቻቸውን 12 ዓመት ተከታትለው ነበር። በመጨረሻ ከተገኙት 38 ሰዎች ወደ 80 በመቶ በሚጠጉት ፖሊፑ ተመልሷል፤ ዳግም የተቀደዱት ግን ከ10 አራት አይሞሉም። የተቀሩት ቢመለስባቸውም ኖረውበታል። አስም ያለባቸውና አስፕሪን ወይም ኢቡፕሮፌን ሲወስዱ የሚያፍናቸው ሰዎች ቶሎ ይመለስባቸዋል፤ ይህ ካለብዎ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለፖሊፕ የፈቀደችው ዱፒሉማብ የሚባል መርፌ አለ። በየሁለት ሳምንቱ ይወጋል፤ ፖሊፕን ያሳንሳል፤ ማሽተትንም ለብዙዎች ይመልሳል። ሲቆም ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ዋጋውም ለብዙዎቻችን አይቀመስም። ስለዚህ ለእኛ ቀዶ ጥገናና ስፕሬይ ገና ብዙ ዓመት ዋናዎቹ ሆነው ይቆያሉ።

የአፍንጫዬ አጥንት ተጣሟል ተባልኩ። መቃናት አለበት?

ትንሽ ያልተጣመመ አፍንጫ ያለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። መታፈን ካላስቸገረዎ ይተዉት። በእርግጥ ካስቸገረዎ ግን ማቃናቱ ይሠራል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 378 ብሪታኒያውያን በዕጣ ተከፍለው የተቀደዱት በስድስት ወር በስኖት-22 አማካይ ነጥባቸው 20 ሲሆን፣ ስፕሬይ የተሰጣቸው 39.5 ነበሩ።

ዓይኔን ወይም አንጎሌን ቢነካብኝስ?

ሳይነስን ከዓይን የሚለየው አጥንት ወረቀት ያህል የሳሳ ነው፤ የአንጎል ወለልም ልክ ከላዩ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ከ62,000 በላይ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን 1 በመቶ አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ አብዛኛው ደም መስጠት ያስፈለገበት መድማት ሲሆን፣ የአንጎል ፈሳሽ መፍሰስ 0.17፣ የዓይን ጉዳት 0.07 በመቶ ነው። ሐኪምዎን «እርስዎ በዓመት ስንት ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቅር የሚለው ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ከተሠራሁ በኋላ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ መቼ?

ለቢሮ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሳምንት ይበቃል። አፍንጫዎን ለሁለት ሳምንት ያህል አይናፈጡ፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ፤ ከባድ ነገር አያንሱ። ጎንበስ ማለት ደም ስለሚያነሳሳ ስግደቱን ያቆዩት፤ ለሕመምተኛ ቁሞ ወይም ተቀምጦ መጸለይ በሁለቱም ሃይማኖት የተፈቀደ ነው። አውሮፕላን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሳፈሩ። ለኮሪደር ልማቱ የፈረሰው ሰፈር አቧራ ገና ስላለ ማስክ ያድርጉ። ሲጋራና ሺሻ ያቁሙ። እጥበቱ ግን አይቋረጥም። ቀዶ ጥገናው የተበላሸባቸው ብዬ የማስታውሳቸው አብዛኞቹ «ዳንኩ» ብለው ከክትትል የቀሩት ናቸው።

ጥናቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ለእኛ ይሠራሉ?

በአብዛኛው ይሠራሉ፤ በጭፍን ግን አይደለም። የፖሊፕ ባሕርይ ከአህጉር አህጉር ይለያያል። ፈንገስም በሞቃት አገር ይበዛል፤ ጎረቤታችን ሱዳን ቀስ በቀስ አጥንት እየበላ ወደ ዓይን በሚገባ የፈንገስ ሳይነስ በሕክምና መጻሕፍት የታወቀች ናት። ከቆላ የመጣ፣ ዓይኑ ወደ ፊት የወጣ ታካሚ አውሮፓዊ ሐኪም ቶሎ የማያስበውን ነገር እንድናስብ ያስገድዳል። ስኳር ያለበት ሰው ፊቱ ሲደነዝዝና የአፍንጫው ውስጥ ሲጠቁር ደግሞ ጉዳዩ የሰዓታት ነው።

በጥናት እንድሳተፍ ጠየቁኝ። ሙከራ ሊሠሩብኝ ነው?

በጥቁር አንበሳ ወይም በጳውሎስ የሚታከሙ ከሆነ ይህ ጥያቄ ቢቀርብልዎ አይደነቁ፤ ሁለቱም ሐኪም የሚሠለጥንባቸው ሆስፒታሎች ናቸው፤ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም ጥናት መሥራት ይጠበቅበታል። አብዛኛው ጥናት ከካርድዎ ላይ መረጃ መውሰድ ወይም እንደ ስኖት-22 ያለ መጠይቅ ማስሞላት ነው። መድኃኒት ወይም ቀዶ ጥገና የሚያነጻጽር ከሆነ ግን ጠበቅ አድርገው ይጠይቁ፦ በዕጣ ነው የምመደበው? ባዶ ክኒን ሊደርሰኝ ይችላል? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል?

እምቢ ማለት ይችላሉ፤ መሃል ላይ መውጣትም ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናዎ አይጓደልም። የስምምነቱ ቅጽ በሚገባዎ ቋንቋ ተነቦልዎ፣ ጥያቄዎ ተመልሶ፣ ከዚያ ነው የሚፈርሙት። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተራቸው እንዳያልፍ ፈርተው ሳያነቡ ሲፈርሙ አይቻለሁ፤ ወረቀቱን አስመልሰን ከመጀመሪያው አነበብንላቸው፤ ሲጨርሱ «ይሄንን ብቻ ነው? ታዲያ ለምን ትደብቁኛላችሁ!» ብለው ፈረሙ። አንድ ቅጂ ወደ ቤትዎ ይውሰዱ፤ የሚደወልበት ስልክ እዚያ ላይ አለ።